የእማማ ይታይሽ ፊት የቆመ ዕለት

እማማ ይታይሽ ተረታቸውን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀጥ አሉ። ጦጣዋም ከዛፉ ሳትወርድ፣ ጅቡም የሚለውን ሳይል ቀረ።

«አያቴ ቆመች!» ብላ ጮኸች አንዲት ሕፃን በስልኩ ውስጥ፣ ከኖርዌይ። «እማዬ፣ አያቴ ቆመች! ፊቷ ተቆረጠ!»

ሰገን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ ወረታ ባለው የአባቷ ቤት፣ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ሕፃኗን ልታባብል አፏን ስትከፍት የእህቷ የፍሬህይወት ድምፅ ቀደማት።

«ሰገን፣ እውነቱን ንገሪኝ። እማየ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። የቆመው ሥዕሉ ነው እንጂ እሷማ ይኸው ተኝታለች።»

«የቆመበት ፊት አላማረኝም። ዓይኗ ተገልጦ፣ አፏ ተከፍቶ... ልጆቹ ፈርተው ሶፋው ሥር ገብተዋል። ሰገን፣ የምትደብቁኝ ነገር የለም አይደል?»

ሰገን መልስ ሳትሰጥ መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን እንደ ያዘች ወደ አልጋው ዞረች። እውነተኛዋ እናቷ ፊታቸውን በነጭ ሻሽ ተሸፍነው ተኝተዋል። ሻሹ ከፍ ዝቅ ሲል አየችና እሷም ተነፈሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሬህይወት ልጆች እዚያው ኖርዌይ ስለ ተወለዱ አያታቸውን በአካል አያውቋቸውም። የእናታቸው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ገና ስላላለቀ ወዲህ ብትመጣ መመለሻ የላትም። ስለዚህ አያታቸውን የሚያገኙት በሳጥኑ በኩል ነው። ሳጥኑ የደንብ ስሙ ሰርቨር ነው፤ በዚህ ቤት ግን «ሳጥኑ» ከመባል አልፎ አያውቅም። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ የቁሐር ሚካኤል ንግሥ፣ የሩዝ አጨዳው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእማማ ይታይሽ ተረትና እሹሩሩ በቪዲዮ ተቀርጾ ውስጡ ተቀምጧል። ልጆቹ እዚያው ቁጭ ብለው ከወረታው ሳጥን በኢንተርኔት እየሳቡ ያያሉ። አያታቸው ካልተረቱላቸው እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ሳጥኑን የሠራው ባየህ ነው። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ባየህ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። እናቱ ንግሥቲ ሸክላ ሠሪ፣ አባቱ ዘሩ ሸማኔ ናቸው። የፎገራ ገበሬ በንግሥቲ እንስራ ውሃ ይጠጣል፣ የዘሩን ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም። ዓይናቸውን ይፈራል። ላም ሲታለብ ካለፉ ወተቱ ይከደናል፤ ሕፃን ሲጠባ ካለፉ ሕፃኑ ይሸፈናል። እናንተም የምታውቁት፣ እኔም የማውቀው፣ ማናችንም ግን ጮክ ብለን የማንናገረው ጉድ ነው።

እናም ባየህ በዚህ ቤት ከበረንዳው አልፎ አያውቅም። ሳጥኑን ሱቁ ውስጥ ገጣጥሞ በደፉ ላይ አቀበለ፤ ወደ ውስጥ ያስገቡት ሌሎች ናቸው። እማማ ይታይሽ «የልጅ ልጆቼ ያሉበት ነው፣ ከራስጌየ አይራቅ» ስላሉ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሲያስቸግር ባየህ በረንዳው ላይ በርጩማ ይሰጠዋል፣ ሰገን ጓዳ ትገባለች፣ በሩ ገርበብ ይላል።

«ሰማያዊው መብራት በርቷል?»

«በርቷል።»

«እንግዲያው ከጎኑ ያለውን ቁልፍ ንኪው። አትፍሪ፣ አይናከስም።»

ሌላው ሰው በዓይኑ ፍቅር ይይዘዋል። ሰገንን የያዛት በጆሮዋ ነው። ድምፁን ለመስማት ስትል ደህናውን ሳጥን «ዛሬም አስቸገረኝ» ብላ ያስጠራችበት ቀን ሁሉ አለ። ባየህም ደህና መሆኑን እያወቀ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ስለሚበራውና ስለሚጠፋው መብራት እየጠየቀ ያመሻል።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ትልቅ ሥራ አብረው ሠርተው ነበር። ከወረታ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ጠባብ ነው፤ ቪዲዮዎቹ ደግሞ ግዙፍ ናቸው። ሳጥኑ ልጆቹ በጠየቁት ቁጥር እያሳነሰ ሲልክ ይደክማል፣ ምስሉም ይንተባተባል። ባየህ ከበረንዳው እየነገራት፣ ሰገን ከውስጥ እየነካካች፣ ብዙዎቹን ቀድመው አሳንሰው አስቀመጧቸው። የቀሩትን ሳጥኑ ቀስ እያለ በራሱ እንዲጨርስ ተዉት። ያን ሰሞን ተረቱ ሳይቆራረጥ ፈሰሰ። ፍሬህይወት እያለቀሰች አመሰገነቻቸው።

ከዚያ እማማ ይታይሽ ታመሙ። የርብ ወንዝ ሞልቶ በገጠር ያለውን የቁሐር ሚካኤል ማሳቸውን ሲያጥለቀልቀው እንደ ልማዳቸው ወደ ወረታው ቤት ተመልሰው ነበር፤ እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ባሕር ዳር የታዩበት ሐኪም «ልባቸው ደክሟል» ብሎ መድኃኒት ሰጣቸው። እህታቸው ማንጠግቦሽ ግን ከሐኪሙ የተሻለ የሚያውቁ መሰላቸው።

«ያ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሥዕሏን በዓይኑ እየመጠጠ ነው» አሉ። «ሥዕሏ ባለቀ ጊዜ እሷም ታልቃለች።»

ሰገን መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አንድ ቀን ጧት እናቷ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ እንዳሉ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሰገን እናቷን አቅፋ አልጋ ላይ ካስተኛች በኋላ የልብስ ሻንጣዋን ከፈተች፤ ባየህ በስጦታ የሰጣትን ነጠላ አወጣች፣ አራት አጥፋ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ጠቀለለችበት፣ መጋረጃውንም ሳበችበት። የአባቱ እጅ የሠራውን አልፎ አይጎዳም ብላ አሰበች። ከእሱ የሸፈነችው በእሱው ነበር። ይህን ያደረገችው የምትወደው ልጅ ናት፤ ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ታዲያ፣ የኖርዌዩ ስልክ እንደ ተቋረጠ፣ ማንጠግቦሽ ከአልጋው ግርጌ ብድግ አሉ።

«ዛሬም ቆመ፣ አይደል? እኔማ ብያለሁ! እሑድ አዋቂው ይመጣሉ። ያስለፈልፏታል። ማን እንደ በላት በገዛ አፏ ትጠራዋለች።»

 ሰገን ልጅ ሳለች ቁሐር ሚካኤል ውስጥ አንዲት የታመመች ልጅ ስታስለፈልፍ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ስም ጠርታ ነበር። በማግስቱ የሴትዮዋ ጎጆ ተቃጠለ፤ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አዝለው በጎርፉ ውሃ ውስጥ ሄዱ፣ ወዴት እንደ ገቡም የጠየቀ የለም። ሰገን የተሰባበረው ሸክላ ጭቃው ውስጥ ተበትኖ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

አባቷ አቶ በላቸው ከሳሎን ሁሉንም ሰምተው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሚስታቸውን የሚወዱ፣ ስለዚህም የፈሩ ሰው ናቸው።

«እሑድን አልጠብቅም» አሉ። «ነገ ጧት ይምጣና ዓይናችን እያየ ይክፈተው። ካስተካከለው ደግ። ካቃተው ግን የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። እስከዚያ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካው!»

ማንጠግቦሽ ወዲያው በርጩማቸውን ጎትተው ከመጋረጃው ፊት ተቀመጡና ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ። ሰገን መጋረጃውን አየችው፤ ከጀርባው ያለው ነጠላ አሁኑኑ ጮሆ ስሟን የሚጠራ መሰላት።

ዝናቡ ሳያባራ ወጣች። የባየህ ሱቅ ሌላ ጊዜ ሰው አይጠፋውም፤ ስልኩ የተሰበረበት ሰው የጠጋኙን ዘር አይጠይቅም። ያን ዕለት ግን ዝናቡ ሁሉንም በየቤቱ አስቀርቶት ብቻውን ነበር።

ባየህ ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን ወዲያው ወደ ጠረጴዛው መለሰ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሰው ትክ ብሎ አያይም። ሕፃን ሳለ እናቱ ገበያ ይዛው ስትወጣ «ዓይንህን መሬት ላይ አድርግ» እያለች ነው ያሳደገችው።

«ነገ እንዳትመጣ» አለችው ሰገን።

«አባትሽ ልከውብኝ? እመጣለሁ እንጂ።»

«ባየህ፣ እቴቴ ማንጠግቦሽ አዋቂ አስጠርታለች። እሑድ እማየን ሊያስለፈልፏት ነው። ስምህ ከተጠራ...» 

«ባልመጣም ይጠራል።»

«እንግዲያው ባሕር ዳር ሂድ። ነገሩ እስኪበርድ።»

«እናቴስ? ሸክላዋን ተሸክማ ትከተለኝ? አባቴስ የሽመና ዕቃውን ከጉድጓዱ ነቅሎ ይሂድ?» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እኔ ከሸሸሁ በሩ የሚንኳኳው የእነሱ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ባየህ መፍቻውን ከእጁ አኖረ።

«የማይገባኝ ነገር አለ» አለ። «ቪዲዮዎቹን አሳንሰናል። መስመሩ ያው ነው። ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ ምን አገኘው? እኔ ሳላየው ነው የምገምተው። አንች ግን እዚያው ነሽ። ምን የተለየ ነገር አየሽ?»

መናገሪያው ጊዜ ይህ ነበር። ሰገን አፏን ከፈተች። ስለ ነጠላው ብትነግረው ለምን እንደ ሸፈነችውም መንገር ሊኖርባት ነው፤ ያን ደግሞ ፊቱን እያየች ልትለው አልቻለችም። አንዲት ነጠላ ደግሞ ምን ታደርጋለች ብላ ራሷን አጽናናች።

«ምንም አላየሁ» አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። «አንችስ ትፈሪኛለሽ?»

«አልፈራህም!» ቶሎ አለች። በጣም ቶሎ።

ባየህ ራሱን ነቀነቀ። «ነጠላውን ለብሰሽው አይቼ አላውቅም። ለዚያ ነው።»

«ደብቄው ነው። የአባትህን ጥለት የማያውቅ ማን አለ?»

እውነቷን ነው። ዘሩ በነጠላው ጫፍ ላይ እንደ ሩዝ ዛላ ጎንበስ ያለ ወርቃማ ጥለት ይጥላል፤ ወረታ ውስጥ ሌላ የሚሠራው የለም። ይህን ጥለት ሰገን ትከሻ ላይ ያየ ሰው ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ያውቃል።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ባየህ ቀስ ብሎ።  በአባቱ እጅ ሥራ ያፈረችበት መስሎታል። ሰገን ዝናቡ ውስጥ ገብታ እያለቀሰች ሄደች። አፍራበት ቢሆን ኖሮ ምንኛ በተሻላት ነበር።

በማግስቱ ጧት ማንጠግቦሽ ከመጋረጃው ፊት ንቅንቅ አላሉም። ሰገን ቤት ልጥረግ አለች፣ አቧራ ላራግፍ አለች፣ አንሶላ ልለውጥ አለች፤ ሁሉንም «ቆይ ይደርሳል» እያሉ መለሷት። ባየህ ቦርሳውን አንግቶ ግቢው ውስጥ ሲገባ ነጠላውን ገና አላነሣችውም ነበር።

እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ሊቀመጥ ሲል አቶ በላቸው «ግባ» አሉት።

እግሩ ደፉ ላይ ቆመ። እዚህ ቤት ደጅ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ይህችን ደፍ ተሻግሯት አያውቅም። ተሻገራት። ማንጠግቦሽ ተንደርድረው የእህታቸውን ሻሽ እስከ አንገታቸው ሳቡት፤ በላዩም ጋቢ ደረቡበት።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ባየህ፣ ወለሉን እያየ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ከጋቢው ሥር የታፈነ ድምፅ።

ባየህ ወደ መደርደሪያው ሄዶ መጋረጃውን ገለጠ። ከዚያ ቆመ።

ሰገን የምታየው ጀርባውን ብቻ ነበር። ትከሻው ቀስ እያለ ሲወርድ አየች። እጁን ሰደደ፣ የነጠላውን ጫፍ አነሳ፣ የአባቱን የሩዝ ዛላ በጣቱ ዳሰሰ። ከነጠላው ሥር የወጣው ወበቅ እሷ እስከ ቆመችበት ድረስ መጣ። ሳጥኑ እንደ ምጣድ ግሏል። ትንፋሽ አጥቶ፣ በሙቀት ደክሞ ነበር ለካ የሚቆመው! ባየህ ያን ሁሉ ሰሞን ያጣውን መልስ አሁን አገኘ፤ ከመልሱ ጋር ሌላም ነገር አገኘ። ሰገን ያን ሌላውን እንዳገኘ ከአንገቱ አወቀች።

ዘወር ብሎ «ይኸው፣ ታፍኖ ነው» ቢል ነገሩ ያበቃል። ስሙ ይነጻል፣ የእናቱ ጎጆ ይተርፋል። ግን ነጠላውን ማሳየት አለበት፤ ነጠላው ደግሞ የዘሩ ነው። የዘሩ ነጠላ እዚህ ጓዳ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ባየህ ነጠላውን በደረቱ ከልሎ ፈታው፣ አጣጠፈው፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ዞረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ አቶ በላቸው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ስሠራው ተሳስቻለሁ።»

«ሰማችሁ!» ማንጠግቦሽ ደረታቸውን መቱ። «በገዛ አፉ! እሑድ መጠበቅ ምን ያደርጋል? በገዛ አፉ አመነ!»

የአቶ በላቸው ፊት ጠቆረ። ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡ፤ የሚመቱበት ይሁን የሚደገፉበት እሳቸውም አላወቁትም። ባየህ አልሸሸም። ቀና አለና ሰገንን አያት፤ ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት። ቁጣ አልነበረበትም። «አንችም?» የሚል እይታ ብቻ ነበር። ሰገን ከዱላው ይልቅ ይህን እይታ ፈራች።

ዝም ብትል ማንም አይነካትም። ስሟ፣ ክብሯ፣ የአባቷ ቤት፣ ሁሉም በቦታው ይቆያል። ዝምታውን ባየህ ሰጥቷታል፤ ዋጋውን እሱና እናቱ ሊከፍሉ። ሰገን በጭቃው ውስጥ የተበተነው ሸክላ ትዝ አላት። ወደ ባየህ ሄደች፣ ቦርሳውን ከትከሻው ላይ ከፈተች፣ ነጠላውን አወጣች፣ ዘረጋችው፣ ለበሰችው።

የሩዙ ዛላ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«ይኸ...» አሉ ማንጠግቦሽ። «ይኸ የዘሩ ጥለት አይደል እንዴ?»

«ነው። ሳጥኑን የሸፈንኩበት እኔ ነኝ።» እጇን ወደ ሳጥኑ ዘረጋች። «ታፍኖ ነው እንጂ ማንም አልነካውም። ንኩት፣ እሳት ሁኗል። እማየ የወደቀች ለት ነው የሸፈንኩት። እቴቴ ያለችው እውነት ቢሆንስ ብየ። ፈርቼው ነው።»

«ነጠላውን ከየት አመጣሽው?» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«እሱ ሰጠኝ አባየ። እወደዋለሁ። እየወደድኩት ነው የፈራሁት። ዛሬም እናንተን ፈርቼ ላስገድለው ነበር።»

 ከውጭ በጎርፍ ምክንያት ከማሳው የመጡት ከብቶች ሲያገሱ ይሰማል። አቶ በላቸው ወደ ልጃቸው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ሰገን ጥፊውን ጠበቀች። ያልጠበቀችው ከአልጋው መጣ።

«ማንጠግቦሽ፣ ይኸን ጨርቅ ከፊቴ አንሽልኝ። እኔም እንደ ሳጥኑ ታፈንኩ።»

«እህቴ፣ ሰውየው ገና...»

«አንሽ አልኩሽ!»

ማንም ስላላነሣላቸው ራሳቸው ገፈፉት። ፊታቸው ከስቷል፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ ዓይናቸው ግን ያው ተረት የሚያወራው ዓይን ነው። ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ተናገሩ።

«እኔን ማንም አልበላኝም። ፍሬህይወት የሄደች ጊዜ ነው ልቤን የጀመረኝ፤ ለማንም አልነገርኩም። የበላኝ ካለ ናፍቆቷ ነው። አዋቂው ሲመጡ እሱን ያስለፍልፉት!» ትንሽ አረፉ። «ና፣ ልጀ። እየኝ።»

ባየህ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ እጁን ከኋላው አጣምሯል።

«ይቅርብኝ እማማ።»

«እየኝ!»

«አልችልም።» ያ ሁልጊዜ ከበረንዳው «አትፍሪ» የሚላት ድምፅ አሁን እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጠነ። «እኔም እፈራለሁ እማማ። ልጅ ሳለሁ ጀምሮ እፈራዋለሁ፣ የራሴን ዓይን። የሚሉት እውነት ቢሆንስ? እርስዎ የወደቁ ለት ሰገን የፈራችውን እኔም ሱቄ ሁኜ ስሰማ ፈርቻለሁ። ያን ቀን የት የት ነው ያየሁት እያልኩ...»

ሰገን አፏን በነጠላው ያዘች። የአገሩ ሰው ሁሉ ሲፈራው የኖረው ይህ ልጅ ከሁሉም በላይ የፈራ እሱ ነበር፤ ይህን ከበሩ ወዲህ ሆና አንድም ቀን አልሰማችውም።

እማማ ይታይሽ እጃቸውን ዘረጉ። «እውነት ከሆነ እዚሁ ልሙት። ሐሰት ከሆነ ደግሞ ተገላገልከው። ቀና በል!»

ባየህ ቀና አለ።  አሮጊቷና ወጣቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ማንጠግቦሽ አማተቡ፤  ሰገን የእናቷን ደረት እንደ ትናንቱ ጠበቀች። ከፍ አለ። ዝቅ አለ። እንደገና ከፍ አለ።

«እህ? ከሳሁ?» አሉ እማማ ይታይሽ።

«ትንሽ ከስተዋል» አለ ባየህ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ።

«ውሸታም! በጣም ነው የከሳሁት። በል ተቀመጥና ሳጥኑን ሥራልኝ። ልጆቼ ጅቡ ምን እንዳለ ሳይሰሙ ነው የተኙት።»

አቶ በላቸው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ መልሰው አስደገፉት። አልመረቁም፣ አልተራገሙም። በዝግታ ወጥተው በረንዳው ላይ፣ ባየህ ሲቀመጥበት በኖረው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ቦታ ጓዳው ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ የሚያዩ ይመስል በሩን ትክ ብለው ያዩታል። ማንጠግቦሽ አፋቸውን አሞጥሙጠው «እሑድ እናያለን» ብለው ወደ ኩሽና ገቡ።

ባየህ ሳጥኑን ከመደርደሪያው አንሥቶ መስኮቱ አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኝበት አስቀመጠው። እስኪበርድ ጠብቆ አስነሣው። ሰማያዊው መብራት ሲበራ ሰገን ከልማዷ የተነሣ «በርቷል» አለች። እሱም ከልማዱ የተነሣ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ መብራቱን ራሱ እያየው መሆኑ ትዝ አለው።

ስልኩ ጮኸ። የትንሿ ልጅ ድምፅ ጓዳውን ሞላው። «አያቴ ተንቀሳቀሰች! ጦጣዋ ወረደች! ጅቡም መጣ!» ከኋላዋ ፍሬህይወት «እልል» ልትል ጀምራ ለቅሶ ሲቀድማት ይሰማል።

ሰገን ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ ደፉ ላይ ወደ ቆመው ባየህ ሄደች። አባቷ በረንዳው ላይ በሩን እያዩ እንደ ተቀመጡ ናቸው።

«ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለ ባየህ።

«ዋሸሁህ።»

«መፍራትሽ አሞኛል፣ ሰገን።»

«አውቃለሁ።» ይቅርታ አድርግልኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ አነሰባት።

«አሁንስ? ትፈሪያለሽ?»

አባቷን አየች። እሑድን አሰበች፣ አዋቂውን፣ የአገሩን አፍ፣ በውሃው ውስጥ ልጆቻቸውን አዝለው የሄዱትን ባልና ሚስት አሰበች። ከእንግዲህ አልዋሽም አለች በልቧ።

«እፈራለሁ» አለችው። «ሁሉን እፈራለሁ። ግን አንተን አይደለም። ካንተ ጋር ሁኜ ልፍራ።»

ባየህ ዓይኑን ከፊቷ ላይ አላነሣም። እጁን ዘርግቶ ከትከሻዋ ሊንሸራተት የደረሰውን ነጠላ በአባቷ ፊት አስተካከለላት።